ስለ ከተማ አታክልት መዓዛና ስለ ሰው ጤንነት

በዘመን መለወጫ ዋዜማ በአዲስ አበባ ገበያዎች አጠገብ የሚያልፍ ሰው፤ ዐይኑን ቢጨፍን እንኳ ቀኑ ምን እንደ ሆነ ከሽታው ያውቃል። በየመንገዱ ዳር ለምለም ቄጤማ ተከምሮ፤ ጠጅ ሳርና አሪቲ በእፍኝ በእፍኝ ታስሮ ይሸጣል። የቤት እመቤቶች ቄጤማውን በወለል ላይ ይጐዘጉዙታል፤ እንግዳ በረገጠው ቍጥርም ቤቱን የወንዝ ዳር ሽታ ይሞላዋል። ይህ ልማድ ለዐይን ጌጥ ብቻ የተደረገ የሚመስለው ቢኖር ተሳስቷል፤ ለዐይን ብቻማ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ምንጣፍ ይበቃ ነበር። ተክል በመዓዛው የሰውን ልብ ደስ እንደሚያሰኝ የአገሩ ሰው ካወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የሳይንስ ሊቃውንት ግን የነገሩን ምክንያት አጥብቀው መመርመር የጀመሩት ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ነው።

ስለ ከተማ መናፈሻና ስለ ሰው ጤና ከዚህ ቀደም የተጻፈው አብዛኛው የዐይንን ነገር የሚመለከት ነበር። ሮጀር ኡልሪክ የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፤ በፔንሲልቫኒያ በአንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው ሕመምተኞች መካከል፤ በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩት የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ወደ ቤታቸው እንደ ሄዱ፤ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም እንደ እነዚያ አብዝተው እንዳልወሰዱ ገልጸዋል። ይህ ጥናት በብዙ አገር የሆስፒታል ሠሪዎችን አሳብ ለውጧል፤ ስለ አፍንጫ ግን አንዳች አልተናገረም። በ2023 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ የኬንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎች በደን ውስጥ ያሸተቱትንና በዚያም ጊዜ የተሰማቸውን መርምረው፤ የቅጠል፤ የእንጨትና የአፈር ሽታ ሰውነትን እንደሚያዝናና፤ ድካምን እንደሚያቃልል፤ ይልቁንም የልጅነትን ዘመን እንደሚያስታውስ አስረድተዋል። ከዚህም ጋር አንድ የሚያስገርም ነገር ጨምረዋል፤ ይኸውም ብዙዎቹ የከተማው ክርፋት አለመኖሩን ራሱን እንደ አንድ መልካም ሽታ መቍጠራቸው ነው።

ተክል መዓዛውን የሚያበጀው ሰውን ለማስደሰት አይደለም። አበባው ንብንና የሌሊት ራትን ይጠራበታል፤ ቅጠሉም አንበጣንና አባጨጓሬን ይከላከልበታል። በበሶብላና በጦስኝ ቅጠል ላይ በዐይን ለማየት የሚያዳግቱ ዘይት የቋጠሩ ጥቃቅን ጠጕሮች አሉ፤ ጣት ሲነካቸው ይፈነዱና ዘይቱ ወደ አየር ይተናል። ባሕር ዛፍ ደግሞ ዘይቱን በቅጠሉ ሥጋ ውስጥ በተሠሩ ትናንሽ ጎተራዎች ያከማቻል፤ ስለዚህም ቅጠሉን ወደ ብርሃን አቅንቶ ለሚመለከት ሰው ነጠብጣብ ሆነው ይታያሉ። በባሕር ዛፍ ዘይት የሚበዛው ሲኒኦል፤ በጠጅ ሳር ሲትራል፤ በጦስኝ ቲሞልና ካርቫክሮል፤ በበሶብላ ብዙ ጊዜ ሊናሎል፤ በጥድ ቅጠል አልፋ ፓይኒን የተባሉት ናቸው። ፀሐይ ስትበረታ ትነቱ ይጨምራል፤ በቀትር በጥድ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው መዓዛውን አጥብቆ የሚሰማው ስለዚህ ነው። ጠምበለል ግን ራትን የሚጠብቅ አበባ ስለ ሆነ ነጭ ልብሱን ለብሶ ማታ ማታ ይሸታል።

ይህ ትነት በአፍንጫ ውስጥ ከላይ በኩል ወዳለው ስስ ሽፋን ይደርሳል። በዚያም ሽታን የሚቀበሉ ሕዋሳት ይገኛሉ፤ የተቀባዮቹም ዐይነት በሰው ዘንድ ወደ 400 ያህል ነው። የእነዚህን ተቀባዮች ዘረ መል በ1991 እ.ኤ.አ. ያገኙት ሪቻርድ አክስልና ሊንዳ በክ የተባሉት አሜሪካውያን በ2004 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ዐይን ያየውና ጆሮ የሰማው ነገር በአንጐል ውስጥ በአንድ አማካይ ጣቢያ ካለፈ በኋላ ወደየክፍሉ ይታደላል፤ ሽታ ግን ይህን ጣቢያ ሳይጠብቅ ስሜትንና ትዝታን ወደሚገዙት ክፍሎች በቀጥታ ይገባል። ከአገሩ ርቆ የኖረ ሰው የተቈላ ቡና ወይም የጤና አዳም ቅጠል ሲሸተው፤ ገና ስሙን ሳያስብ እንባው የሚቀድመው በዚህ ምክንያት ነው። የሽታን ዋጋ ያላወቀ ቢኖር በ2012 ዓ.ም. ወደ አገሩ የገባው የኮሮና በሽታ አስተምሮታል፤ ማሽተት ያቃታቸው ብዙ ሰዎች ምግቡ ገለባ ሆነብን፤ ቤታችንም እንግዳ ሆነብን እያሉ ሲያዝኑ ተሰምቷል።

በዚህ ነገር ከሁሉ ቀድመው መንግሥታዊ ሥራ የጀመሩት ጃፓኖች ናቸው። የጃፓን የደን መሥሪያ ቤት በ1982 እ.ኤ.አ. «ሺንሪን ዮኩ»፤ ማለት በደን አየር መታጠብ፤ የሚለውን ስም አውጥቶ ሕዝቡ በዛፍ መካከል ቀስ ብሎ እንዲመላለስ መክሯል። በኋላም ቺንግ ሊ የተባሉት ሐኪም በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፤ 12 ጤነኛ ወንዶች ሦስት ሌሊት በከተማ ሆቴል እንዲያድሩ አድርገው ሂኖኪ ከተባለው የጃፓን ዛፍ የወጣውን ዘይት በክፍላቸው አተነኑ። ከዚያ በኋላ ደማቸው ሲመረመር በሽታን የሚዋጉት አንዳንድ ሕዋሳት ኀይል ጨምሮ፤ በሽንታቸውም ውስጥ የጭንቀት ምልክት የሆነው አድሬናሊን ቀንሶ ተገኘ። የጥናቱ ብልኀት ደን ሳይኖር መዓዛውን ብቻ ለይቶ መመርመሩ ነው። ጕድለቱም ግልጽ ነው፤ 12 ሰው ጥቂት ነው፤ ሦስት ሌሊትም አጭር ነው። ስለዚህ የተክል ሽታ ካንሰርን ይፈውሳል፤ ስኳርን ያወርዳል እያለ ብልቃጥ የሚሸጠውን ነጋዴ ማመን አይገባም። የባሕር ዛፍ ዘይት የጠጣ ሕፃን በብርቱ እንደሚመረዝም እናቶች ሁሉ ሊያውቁት ይገባል።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ፤ ከተማይቱ ስሟን ያገኘችው ከአበባ ነው። እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃው አካባቢ ያዩትን አበባ ወድደው አዲስ አበባ እንዳሏት ይነገራል። ይሁን እንጂ ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ሕዝቡ ለቤቱና ለማገዶው የእንጦጦን ጥድና ወይራ ቈርጦ ስለ ጨረሰው፤ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማይቱን ከመዛወር ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው ዛፍ ነው፤ ከባሕር ማዶ መምጣቱንም ስሙ ይመሰክራል። ከዚያ ወዲህ የአዲስ አበባ ሽታ የባሕር ዛፍ ሽታ ሆነ። በክረምት ማለዳ ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ዛሬም ያ ቀዝቃዛና ጉሮሮ የሚከፍት መዓዛ ይቀበለዋል።

ነገር ግን ሽታ ለሁሉ አንድ አይደለም። ለእሑድ ሽርሽር ለወጣ ሰው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ እረፍትን ያስታውሰዋል፤ ጭራሮና ቅጠል በጀርባዋ ተሸክማ ያንን አቀበትና ቍልቍለት ስትወርድ ለኖረች ሴት ግን ያው ሽታ የወገብ ሕመም ነው። ቅጠሉ በእንጀራ ምድጃ ሥር ሲነድም መዓዛው ወደ ጭስ ይለወጣል፤ በተዘጋ ማድ ቤት የሚኖር የማገዶ ጭስ ደግሞ ዐይንንና ሳንባን የሚያጠፋ ጠላት ነው። መልካም ሽታ ያለው ጭስ ሁሉ ለሳንባ መልካም የሚመስላቸው አሉ፤ ዕጣንም ሆነ ወይራ፤ ቀበርቾም ሆነ ሌላ፤ የሚነድ ነገር ሁሉ ጥቃቅን ብናኝ ያወጣል። ስለዚህ በዚህ ገጽ የሚነገረው ስለ ሕያው ተክል መዓዛ እንጂ ስለ ጢስ እንዳይደለ አንባቢ ልብ ይበል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአዲስ አበባ ብዙ መናፈሻ ተከፍቷል። አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም.፤ እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፍተዋል፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም በኮሪደር ልማት ሥራ በየአውራ ጐዳናው ዳር ሣርና አበባ ተተክሏል። ቀድሞ የነበሩት እንደ ብሔረ ጽጌ ያሉ መናፈሻዎችና ከ700 ሄክታር በላይ ይዞ የአገር ተክሎችን የሚጠብቀው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልም አሉ። ይህ ሁሉ የሚመሰገን ነው። በመንገድ ዳር የተተከለውን ቀርቦ ለሚያሸት ሰው ግን አንድ ነገር ይጐድለዋል፤ አብዛኛው ለዐይን ተመርጦ የተተከለ ስለ ሆነ አፍንጫ የሚያገኘው ጥቂት ነው። ቡገንቪሊያ ከአዲስ አበባ እስከ አሥመራ አጥሩን ሁሉ በቀይና በሐምራዊ ያሸበርቀዋል፤ ሽታ ግን የለውም ማለት ይቻላል። ለውጭ ገበያ የሚመረቱት ጽጌረዳዎችም ከተቈረጡ በኋላ ብዙ ቀን እንዲቈዩና ግንዳቸው ረዥም እንዲሆን ሲዳቀሉ፤ ብዙዎቹ የጥንቱን መዓዛ አጥተዋል። በደጋው ቍጥቋጦ ውስጥ ማንም ሳይንከባከበው የሚያብበው ነጩ ቀጋ ከእነዚህ ከብዙዎቹ የበለጠ ይሸታል።

ሌላው የሚያሳስበው ነገር የተነጠፈው ድንጋይ ነው። ከረዥም በጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ከምድር የሚነሣውን ሽታ የማይወድድ ሰው አይገኝም። ሁለት የአውስትራሊያ ሊቃውንት በ1964 እ.ኤ.አ. ይህን ሽታ «ፔትሪኮር» ብለው ሰይመውታል፤ የሚመነጨውም ተክሎች በድርቅ ወራት ካወጡትና አፈርና ድንጋይ ከጠጣው ዘይት ነው። በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ነፍሳት የሚያበጁት ጂኦስሚን የተባለው ነገርም ይጨመርበታል፤ የሰው አፍንጫ ይህን እጅግ ጥቂት ቢሆንም እንኳ ያውቀዋል። ታዲያ መናፈሻው ሁሉ በንጣፍ ድንጋይና በሲሚንቶ ቢሸፈን ዝናቡ የሚቀሰቅሰው አፈር ከየት ይመጣል? በየዛፉ ሥር ሰፊ ባዶ አፈር መተውና የረገፈውን ቅጠል ሁሉ ጠርጎ ከመጣል ይልቅ በከፊል እዚያው እንዲበሰብስ ማድረግ፤ ለዛፉም ለአፍንጫም ይጠቅማል። ንጹሕ መናፈሻ ማለት የተጠረገ መሬት ማለት ነው ብለው የሚያምኑ ዘበኞች ይህን ለመቀበል ጥቂት ይቸገሩ ይሆናል።

የመኪና ጭስም መዓዛን ያጠፋል። በ2024 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፤ ከተሽከርካሪና ከፋብሪካ ከሚወጣው ጋዝ በሌሊት አየር ውስጥ የሚፈጠር ንጥረ ነገር የአበባን ሽታ ስለሚሰባብረው፤ የሌሊት ራቶች ወደ አበባው የሚያደርጉት ጕብኝት በ70 በመቶ ያህል ቀንሷል። ለራት የጠፋው ለሰውም ይጠፋል። ነገሩ በሌላ በኩልም ይመለሳል፤ እንደ ባሕር ዛፍ ያሉ አንዳንድ ዛፎች አይሶፕሪን የተባለ ትነት በብዛት ስለሚያወጡ፤ ይህ ከመኪና ጋዝ ጋር በፀሐይ ብርሃን ሲገናኝ ሳንባን የሚያቃጥለውን ኦዞን ሊያበዛ ይችላል። ስለዚህ መኪና በሚጨናነቅበት መንገድ ዳር ባሕር ዛፍ በጅምላ መትከል አይመከርም። የመዓዛ ተክል ቦታው ከመንገዱ ገባ ብሎ፤ በግንብ ወይም በጥቅጥቅ ቍጥቋጦ ከነፋስ በተከለለ ጥግ ነው፤ ሽታ በሜዳ ላይ ይበተናል፤ በጥግ ግን ይከማቻል።

የአገሩ ተክል በዚህ ረገድ እጅግ ባለጸጋ ነው። ጠጅ ሳር ለመጀመሪያ ሙከራ ከሁሉ ይቀላል። በሰኔ መጀመሪያ ካረጀው እግር ሥር ያለው እየተገነጠለ፤ ቅጠሉ ወደ አንድ ስንዝር ተቈርጦ፤ በየ60 ሳንቲ ሜትሩ ይተከላል። ከመራመጃው ጠርዝ ጋር እንዲነካካ ሆኖ ቢተከል የአላፊውን ቀሚስ ወይም ሱሪ በነካ ቍጥር ይሸታል። በየሁለትና ሦስት ወሩ ካልታጨደ ግን ደርቆ አይጥ መደበቂያ ይሆናል። የጥብስ ቅጠል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቍራጭ ይራባል፤ ውሃ የሚቋጥር ጥቁር መረሬ ይገድለዋልና መደቡን ከፍ አድርጎ አሸዋ መጨመር ይገባል። ጦስኝ ከደጋ የመጣ ስለ ሆነ ብርድ አይፈራም፤ በተዳፋት ድንጋይ መካከል ደስ ይለዋል፤ በሶብላ ግን የኅዳርንና የታኅሣሥን ውርጭ አይችልምና በየዓመቱ በዘር መተካት አለበት። ዳማከሴ ምች የመታው ሰው የሚያሸተው ቅጠል እንደ መሆኑ በየሰፈሩ ፈላጊው ብዙ ነው፤ በመናፈሻ ውስጥ ቢተከል ሕዝቡ እንዳይመለጥጠው ለመልቀሚያ የሚሆን ለብቻው አንድ መደብ መስጠት ይሻላል።

ጥንቃቄ የሚያሻቸውም አሉ። የጤና አዳም ጭማቂ የነካው ቈዳ ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ ይቋጥራል፤ ስለዚህ ልጆች ከሚጫወቱበት ማራቅ ነው። የወፍ ቆሎ የሚባለው ላንታና አበባው ቢያምርም ከብትን የሚመርዝና ወፍ ዘሩን እየበተነ አገር የሚወርር አረም ነው፤ በምንም ምክንያት አይተከልም። ጠምበለልም መልካም ሐረግ ቢሆን ከሕመምተኞች መኝታ መስኮት ሥር አይስማማም፤ በሌሊት የሚበረታ ሽታ ራስ ምታት የሚቀሰቅስባቸው ሰዎች አሉና። አስምና የአበባ ብናኝ የሚያስነጥሳቸውም እንዲሁ ሊታሰብላቸው ይገባል፤ በአንድ መናፈሻ ውስጥ አንዳንድ ማዕዘን ከሽታ ነጻ ሆኖ ቢቀር እንደ ጕድለት አይቈጠርም።

ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀሙት ዐይናቸውን ያጡ ሰዎች ናቸው። ለዐይን ብቻ የተሠራ መናፈሻ ለእነርሱ ከባዶ ሜዳ አይለይም። በሌላ አገር እንደሚደረገው መደቡ በድንጋይ ተገንብቶ ወደ አንድ ሜትር ቢጠጋ፤ ዐይነ ሥውሩ ሳያጐነብስ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ያለውም ሳይነሣ፤ ቅጠሉን ዳብሶ ሊያሸት ይችላል። መንታ መንገድ ባለበት በአንዱ በኩል ጠጅ ሳር፤ በሌላው በኩል የጥብስ ቅጠል ቢተከል፤ የትኛው መንገድ ወደ በሩ እንደሚያወጣ አፍንጫው ይመራዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ ከአንድ የውሃ ፏፏቴ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሥራው ጥቂት ሜትር የድንጋይ ግንብ፤ የበሰበሰ ፍግና በበጋ ማታ ማታ ውሃ የሚያጠጣ አንድ ትጉህ ሰው ነው የሚፈልገው።

ጥድን በሚመለከት ትዕግሥት ያስፈልጋል። ዘሩ ለመብቀል ይዘገያል፤ ችግኙም በዝግታ ያድጋል፤ ስለዚህ ብዙዎች ቶሎ የሚያድገውን የውጭ ዛፍ ይመርጣሉ። ይሁን እንጂ በጥንቶቹ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ የሚገኙትን ትልልቅ ጥዶች ያየ ሰው፤ በተለይም በቀትር ከሥራቸው የተቀመጠ፤ መጠበቁ እንደማያስቈጭ ያውቃል። ችግኙ በሐምሌ ዝናቡ ሲጠና ይተከላል፤ ጕድጓዱ ከክረምቱ በፊት ተቈፍሮ ይሰነብታል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ውሃ ይፈልጋል፤ ፍየልና በግ እንዳይደርሱበትም ይታጠራል። በዛፎቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ እስኪሞላ ድረስ ጦስኝና የጥብስ ቅጠል ቢዘራና ቢተከል መሬቱን ከመታጠብ ይጠብቃል፤ ጥዱም ጥላ መጣል ሲጀምር እነርሱ ፀሐይ ወዳለበት ጠርዝ ተነቅለው ሊዛወሩ ይችላሉ።